ጾም፣ ጤናና የትምህርት ቤት ማእድ በሐረር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ እናስብ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ቁርስ የሚሆን ነገር በቤት ስለሌለ ባዶ ሆዷን ወደ ትምህርት ቤት መጥታለች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ በሳህኗ ላይ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይደረግላታል። እናቷ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን መሆኑን አስተምራታለች። ልጅቷ ያላት ምርጫ ሁለት ነው፤ የተሰጣትን በልታ ከሕሊናዋ ጋር መጣላት ወይም ዳቦውን ብቻ በልታ ከፊል ረሃቧን ይዛ ወደ ክፍል መግባት። ሁለቱም ምርጫዎች ለዐሥር ዓመት ልጅ ከባድ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የተማሪዎች ምገባ ምን እንደ ሆነ፣ ስለ ማእድ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩትን፣ የጾም ሥርዓታችን ከትምህርት ቀናት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ እንደ ሐረር ባለ የብዙ እምነቶች ከተማ ልዩ የምግብ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች እንዴት ማስተናገድ እንደሚቻል፣ እንዲሁም ወላጅ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያላቸውን ድርሻ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

፩. የተማሪዎች ምገባ በሀገራችን

የተማሪዎች ምገባ ማለት ልጆች በትምህርት ቤት ውስጥ ቁርስ፣ ምሳ ወይም ሁለቱንም እንዲያገኙ የሚደረግበት መርሐ ግብር ነው። ዓላማው ድርብ ነው። በአንድ በኩል የተራበን ልጅ ይመግባል፤ በሌላ በኩል ልጁ በረሃብ ምክንያት ከትምህርት እንዳይቀር፣ በክፍልም ውስጥ አእምሮው እንዳይደክም ያደርጋል።

የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባን የጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ይቀርብ የነበረው ምግብ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ፣ በቫይታሚንና በማዕድናት የበለጸገ ገንፎ ከምግብ ዘይትና ከጨው ጋር ነበር። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ ሴት ልጆች ከትምህርት እንዳይቀሩ ለማበረታታት ወደ ቤት የሚወሰድ የምግብ ዘይት ይሰጥ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. በደቡብና በኦሮሚያ ክልሎች ምግቡን ከአካባቢው ገበሬዎች በመግዛት የሚሠራ ምገባ በሙከራ ተጀመረ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በራሱ በጀት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባን አስፋፍቷል፤ ምግቡን የሚያዘጋጁትም በአብዛኛው በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው። በሐረሪ ክልልም የተማሪዎች ምገባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይካሄዳል።

ምግብ ከአካባቢ ገበያ መገዛቱና በአካባቢ እናቶች መዘጋጀቱ ለተነሣንበት ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። ከሩቅ በከረጢት ታሽጎ የሚመጣ ምግብ ለሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በሰፈር እናት የሚሠራ ወጥ ግን ለአካባቢው ልጆች እንደሚስማማ ሆኖ ሊዘጋጅ ይችላል። ስለዚህ የልጆችን ልዩ ፍላጎት ማስተናገድ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ቀላል ሆኗል።

፪. ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ማእድ ምን ያስተምሩናል?

በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የምግብ ጥያቄ ሲያቀርብ በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው ምሳሌ ነቢዩ ዳንኤል ነው። ዳንኤል፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ወደ ባቢሎን በተወሰዱ ጊዜ ለሦስት ዓመት የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ እንዲማሩ ተመድበው ነበር። ቀለባቸው ከንጉሡ ቤት ነበር፤ መብሉም ወይኑም በየዕለቱ ተወስኖላቸዋል (ዳን. 1፥3-5)። በዛሬ አነጋገር የመንግሥት ምገባ ያላቸው ተማሪዎች ነበሩ።

ዳንኤል በንጉሡ መብል እንዳይረክስ በልቡ ወሰነ። ጥያቄውን ያቀረበበትን መንገድ ልብ እንበል። አልተሳደበም፤ ማእዱንም አልገለበጠም። በመጀመሪያ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ። አለቃው ልጆቹ ከስተው ቢታዩ በንጉሡ ዘንድ እንደሚጠየቅ ነግሮት ነበርና ዳንኤል ፍርሃቱን አልናቀበትም። ይልቁንም በቅርብ ለሚጠብቃቸው ሹም ለዐሥር ቀን ያህል ጥራጥሬና ውኃ ተሰጥቷቸው እንዲፈተኑ ጠየቀ። ዐሥሩ ቀን ሲፈጸም ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኘ፤ ሹሙም ጥራጥሬውን አጸናላቸው (ዳን. 1፥8-16)።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ተማሪ በሃይማኖቱ ምክንያት የተለየ ምግብ መጠየቁ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው በትሕትናና ለኃላፊው ሥጋት መልስ በሚሰጥ መልኩ መቅረብ አለበት። ሦስተኛ፣ የልጁ ጤና ይመዘናል። ዳንኤል ራሱ ውጤቱ በዓይን ታይቶ እንዲፈረድ ፈቅዷልና።

ሁለተኛው ምሳሌ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ያለው ነው። በኢየሩሳሌም በነበረችው የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ግሪክኛ ተናጋሪ ከሆኑት ወገኖች የነበሩ መበለቶች ችላ ስለተባሉ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ትንሽ ነገር አልቆጠሩትም። በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱ ስም ሁሉ የግሪክ ስም መሆኑን ሊቃውንት ያስተውላሉ፤ ቅሬታ ካቀረበው ወገን ሰዎች ለአገልግሎቱ ታምነው እንደ ተሾሙ ያሳያልና። ከእነርሱም አንዱ ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። እንግዲህ የዲቁና አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን የተጀመረው በማእድ ፍትሕ ጉዳይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ስለዚህ ሳህን ላይ የሚደረግ ነገር ለቤተ ክርስቲያን ከቶ ጥቃቅን ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ጌታችንም የተከተለውን ሕዝብ በመንገድ እንዳይዝል በማሰብ ጾሙን ሊያሰናብተው አልወደደም (ማቴ. 15፥32)። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ አስተምሯል (ሮሜ 14፥3)። ይህ ትምህርት በትምህርት ቤት የምገባ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቢጻፍ የሚገባው ነው።

፫. የጾም ሥርዓታችንና የትምህርት ቀናት

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት። እነርሱም ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታ፣ ጾመ ነነዌ፣ ጾመ ገሃድ እንዲሁም ጾመ ድኅነት የሚባለው የረቡዕና የዓርብ ጾም ናቸው። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል አይበሉም።

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ስለሚውል ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ወራት ያልፋል። ሌሎቹ ግን ከትምህርት ቀናት ጋር ይገናኛሉ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል፤ ከስድስት ሳምንት በላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ማለትም ስምንት ሳምንት ያህል ነው። ጾመ ነነዌ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን ነው። ጾመ ሐዋርያት ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ማግሥት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ቀን ስለሚሆን የትምህርቱን ማብቂያ ያገኘዋል። ከዚህ ውጭ ባሉት ሳምንታት ከአምስቱ የትምህርት ቀናት ሁለቱ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ የጾም ናቸው፤ ከትንሣኤ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ብቻ ከዚህ ነጻ ናቸው። ይህ ሁሉ ሲደመር ለአንድ ጿሚ ተማሪ ከትምህርት ቀናቱ ግማሽ ያህሉ የጾም ቀን ይሆናል። እንግዲህ የጾም ምግብ ጥያቄ አልፎ አልፎ የሚነሣ ልዩ ጉዳይ ሳይሆን የምገባው ዕቅድ ከመነሻው ሊያስበው የሚገባ ነው።

ልጆች መቼ መጾም ይጀምራሉ? በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ከሰባት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ጾምን እንዲለማመዱ ይደረጋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ከምግብ ዓይነት መከልከል ነው፤ ሌላው እስከ ተወሰነ ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ሁሉ መቆየት ነው። የመጀመሪያውን ልጆች በቀላሉ ይለምዱታል። ሁለተኛው ግን እንደ ዕድሜያቸው፣ እንደ ጤናቸውና እንደ አቅማቸው በንስሐ አባታቸው ምክር የሚወሰን ነው። ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ፣ ረጅም መንገድ በእግሩ የተጓዘ ልጅ በጠዋት የጾም ቁርስ ቢበላ ጾሙን እንደ ሻረ አድርጎ ማስጨነቅ አይገባም። ስለ ጾም የሚናገረው የፍትሐ ነገሥት 15ኛ አንቀጽም ለሕሙማንና ለደካሞች የሚራራ ነው። ጾም የተሠራው ለነፍስ ጥቅም ነውና ልጅን ለመጉዳት መሣሪያ አይሆንም።

፬. ሐረር፤ ብዙ ማእድ ያለባት ከተማ

ሐረር ለዚህ ጉዳይ እንደ ትምህርት ቤት የምትቆጠር ከተማ ናት። በጁገል ግንብ የታጠረችው ጥንታዊቷ ከተማ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ሲሆን በውስጧ 82 መስጊዶች እንዳሉ በቅርሱ መዝገብ ተጠቅሷል። በግንቡ ውስጥ በፈረስ መጋላ አደባባይ ደግሞ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የሐረሪ ክልል ነዋሪዎች ቁጥር 183,415 ነበር፤ ከእነዚህም 69 ከመቶ ያህሉ ሙስሊሞች፣ 27 ከመቶ ያህሉ ኦርቶዶክሳውያን፣ ከ3 ከመቶ በላይ ደግሞ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በአንድ የከተማው ክፍል እነዚህ ልጆች ሁሉ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ።

በሐረር ማእድ ላይ የሚታዩት ልዩነቶች ምንድን ናቸው? የመጀመሪያው የዕርድ ጉዳይ ነው። በሀገራችን ልማድ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙም ሙስሊም ያረደውን ይበላል፤ ሥጋ ቤቶቹም ለየብቻ ናቸው። ሁለተኛው የግመል ሥጋ ነው። በሐረርና በአካባቢዋ ለሙስሊሙ ወገን የታወቀ ምግብ ሲሆን ኦርቶዶክሳውያን አይበሉትም። ሦስተኛው የጾም ጊዜ ነው። የእኛ ጾም በምግቡ ዓይነት ሲለይ የረመዳን ጾም ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ከማናቸውም ምግብና መጠጥ መከልከል ነው።

እነዚህ ሁለት ጾሞች ሲገጣጠሙ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ይፈተናል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሲገባ ረመዳን ከአምስት ቀን በኋላ የካቲት 22 ቀን ጀመረ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን፣ ረመዳን የካቲት 11 ቀን ገቡ። በእነዚህ ሳምንታት በአንድ ክፍል ከሚማሩት ልጆች አንዱ የጾም ምግብ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው እስከ ማታ ምንም አይቀምስም፤ ሦስተኛው ሕፃን ስለሆነ ወይም እምነቱ ሌላ ስለሆነ እንደ ወትሮው ይበላል። ሦስቱም በተመሳሳይ ሰዓት ፈተና ይፈተናሉ። የአንዱን ፍላጎት ብቻ አይቶ የሚወሰን ነገር ሌላውን መበደሉ አይቀርም።

፭. የጾም ማእድ ሰፊው ማእድ ነው

መፍትሔው ለየሃይማኖቱ የተለየ ወጥ ቤት መሥራት ነው ብለን ልናስብ እንችላለን። ነገር ግን በጀቱም ቦታውም አይፈቅድም፤ ልጆችንም በየማእዳቸው ይለያያቸዋል። ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ። እርሱም ዋናው ድስት ዘወትር ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ጎመን፣ የማሽላ ወይም የጤፍ እንጀራ፣ በዘይት የተሠራ ገንፎ፤ እነዚህን ኦርቶዶክሳዊው በጾም ቀን ይበላቸዋል፣ ሙስሊሙ ያለ ሥጋት ይበላቸዋል፣ ፕሮቴስታንቱም ይበላቸዋል። ዕርድ ስለሌለበት የማን ሥጋ ነው የሚል ጥያቄ አይነሣም። እንግዲህ ለጾም የሚሆነው ድስት በሐረር ሁሉን በአንድነት የሚያስቀምጥ ድስት ሆኖ ይገኛል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ሐቀኞች መሆን ይገባናል። የምንጾመው እኛ ነን እንጂ ጎረቤቶቻችን አይደሉም። በእድገት ላይ ያለ ልጅ እንቁላልና ወተት ይጠቅመዋል፤ ቫይታሚን ቢ 12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ቤታቸው እነዚህን ለማግኘት የማይችሉ ሕፃናት በእኛ ጾም ምክንያት በትምህርት ቤትም እንዲያጡ መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ እንቁላልና ወተት የሚቀርብ ከሆነ ሁለት ነገር ይደረግ። አንደኛ፣ በድስቱ ውስጥ ሳይቀላቀል በሳህን ላይ ለብቻው ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ከጾም ወራት ውጭ በሰኞ፣ በማክሰኞ ወይም በሐሙስ ይመደብ። በእነዚህ ቀናት ኦርቶዶክሳውያን ልጆችም ከሌሎቹ ጋር ይበላሉ፤ ማንም የሚጎድልበት የለም። በጾም ወራት ደግሞ እንቁላሉን ለማይበላ ልጅ ተመጣጣኝ ምትክ ይሰጠው፤ ተጨማሪ ጭልፋ ምስር፣ ሙዝ ወይም ሌላ ፍራፍሬ ሊሆን ይችላል።

በሌላው ዓለምም ይህ መንገድ ይታወቃል። በሕንድ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲሰጥ ካዘዘ ወዲህ በብዙ ግዛቶች ስለ እንቁላል ክርክር ተነሥቷል፤ ብዙ ወላጆች በሃይማኖታቸው እንቁላል አይበሉምና። የካርናታካ ግዛት እንቁላል ለሚበሉት እንቁላል፣ ለማይበሉት ሙዝ ወይም ከለውዝና ከስኳር የተሠራ ጣፋጭ በመስጠት ጉዳዩን አስታርቋል። በ1943 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ለተማሪዎች ነጻ ምሳን የደነገገችው ፊንላንድም በጤና ወይም በእምነት ምክንያት ልዩ ምግብ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ታስተናግዳለች።

የጾም ምግብ በአግባቡ ከተዘጋጀ ገንቢ ነው። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ የአንዱን የፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላል፤ እንጀራ በሽሮ የሚበላው ማኅበረሰባችን ይህን በልማድ ሲጠቀምበት ኖሯል። በሐረርጌ በብዛት የሚበቅለው ስኳር ድንች፣ በተለይ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው፣ ለቫይታሚን ኤ ይጠቅማል። በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነት በሚገባ እንዲወስደው ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ያግደዋል። ስለዚህ በዳቦና በሻይ ብቻ የሚያልፍ ቁርስ ሆድን ቢያታልልም የልጅን ሰውነት አይገነባም። ጨዉም አዮዲን ያለበት መሆን አለበት።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ብስኩትና አንዳንድ የታሸጉ የገንፎ ዱቄቶች የወተት ዱቄት ሊኖርባቸው ስለሚችል የተጻፈባቸውን ማንበብ ይገባል። ቅቤ የገባበት ወጥ የተጨለፈበት ጭልፋ ወደ ጾሙ ድስት ሊገባ አይገባም። ለጾሙ የሚሆን ድስትና ጭልፋ በምልክት ተለይቶ ቢቀመጥ ብዙ ቅሬታ ይቀራል።

በረመዳን ለሚጾሙ ሙስሊም ልጆችስ? ድርሻቸው እንዲሁ ቢቀር የተራበው ቤት ይጎዳል። ወደ ቤት የሚወሰድ ደረቅ ስንቅ ቢሰጣቸው ለማፍጠሪያ ይሆናቸዋል። እስከ ቀትር የሚቆይ ኦርቶዶክሳዊ ልጅ ካለም ቁርሱ ተቀምጦ በምሳ ሰዓት ቢሰጠው መልካም ነው። ለራሳችን ልጅ የምንሻውን ለጎረቤታችን ልጅም ልንሻለት ይገባል።

፮. በጤና ምክንያት የሚመጣ ልዩ ፍላጎት

በምገባ ላይ ልዩ ትኩረት የሚሻው ጾመኛው ብቻ አይደለም። በሕመም ምክንያት አንዳንድ ምግብ የማይስማማቸው ልጆች አሉ፤ የእነርሱ ጉዳይ ሲዘነጋ ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

ለውዝ፦ ከሐረር በስተ ምሥራቅ የምትገኘው ባቢሌ በለውዝ ምርቷ የታወቀች ናት። ለውዝ ርካሽና ገንቢ ስለሆነ ለምገባ ይመረጣል። ነገር ግን ለውዝ የማይስማማው ልጅ ጥቂት ቀምሶ ከንፈሩና ፊቱ ሊያብጥ፣ ትንፋሹም ሊያጥር ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ለውዝ እርጥበት ባለበት ቦታ ሲከማች አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ስለሚያፈራ የሻገተው ታጥቦም ተቆልቶም ለማንም ልጅ ሊሰጥ አይገባም።

ስንዴና ገብስ፦ ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ልጅ ዳቦ፣ ፓስታና የስንዴ ቅንጬ ይጎዱታል። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ ግን ይስማሙታል። እንጀራው ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ መሆን አለመሆኑ መጠየቅ አለበት።

የስኳር ሕመም፦ ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድ ልጅ ምግቡ ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ቢዘገይበት ስኳሩ ወርዶ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያልበው፣ ራሱንም ሊያስተው ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ በሰልፍ ሊቆይ አይገባም። ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ሳይማከርም በጾም ስም ከምግብ ሊቆይ አይገባም።

ወተት፦ ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋና የሚያስቀምጣቸው ልጆች አሉ። እነርሱም በፍስክ ቀን ጭምር ምትክ ያስፈልጋቸዋል።

የታመመ ልጅ በጾም ወራት ሐኪም ያዘዘለትን ምግብ ቢበላ ኃጢአት አይሆንበትም። ወላጆች ይህን ለልጃቸው ግልጽ አድርገው ሊነግሩት ይገባል። ሕመሙን በጓደኞቹ ፊት እንደ ነውር እየቆጠረ የሚደብቅ ልጅ ለአደጋ ይጋለጣልና።

፯. የሀገሪቱ ሕግ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንደሚካሄድ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ የሃይማኖትን ነጻነትና ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብትን ያረጋግጣል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የልጁን የሃይማኖት ነጻነትና ገንቢ ምግብ የማግኘት መብት በአንድነት ያስቀምጣል።

እነዚህን አንድ ላይ ስናነባቸው ትምህርት ቤት የጾም ሰባኪም የጾም ከልካይም እንዲሆን አይጠበቅም። የሚጠበቅበት ልጁ በእምነቱ ወይም በሕመሙ ምክንያት ከማእዱ እንዳይጎድል ማድረግ ነው። እኛም ጥያቄያችንን ስናቀርብ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሁሉ ላይ ይጫን ሳይሆን ልጃችን ሳይራብ ሥርዓቱን ይጠብቅ ማለታችን መሆኑን በግልጽ እናስረዳ።

፰. የእያንዳንዱ ድርሻ

የወላጆች ድርሻ። በምዝገባ ጊዜ የልጅን ሕመምና የማይበላውን ምግብ በጽሑፍ ማስታወቅ፤ ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ማያያዝ፤ በወላጅ፣ በተማሪና በመምህራን ኅብረት ስብሰባ መገኘትና የምግብ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ሐሳብ መስጠት። ልጁንም የተሰጠውን ምግብ እንዳያቃልል፣ የሌላውን ሳህን እያየ እንዳይፈርድ፣ «ይህን አልበላም፤ እባክሽ ሌላው ይሰጠኝ» ብሎ በአክብሮት እንዲናገር ማስተማር።

የትምህርት ቤት ድርሻ። የምግብ ዝርዝሩን ሲያወጡ የአጽዋማትንና የረመዳንን የቀን መቁጠሪያ አጠገባቸው ማስቀመጥ፤ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች መዝግቦ ለወጥ ቤቱ ማሳወቅ፤ ምትክ የሚበላውን ልጅ በተለየ ሰልፍ ወይም በተለየ ጠረጴዛ አለማግለል። ሁሉም በአንድ ሰልፍ ቆመው በሳህናቸው ላይ የሚደረገው ብቻ ቢለያይ ልጅ አያፍርም።

የመጋቢ እናቶች ድርሻ። ድስትና ጭልፋን መለየት፤ በወጡ ውስጥ የገባውን ለሚጠይቅ ልጅ እውነቱን መናገር። ቅቤ የነካውን ወጥ «ምንም የለበትም» ብሎ ማቅረብ ልጅን መበደል ነው፤ የልጁንም እምነት የእናቶቹንም ክብር ይጎዳል።

የካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ድርሻ። የንስሐ አባቶች በጾም መግቢያ ለወላጆች ስለ ልጆች ጾም ልክ ቢመክሩ፤ ሰንበት ትምህርት ቤቶች የአጽዋማቱን ቀናት የያዘ አንድ ገጽ አዘጋጅተው ለየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ መጀመሪያ ቢሰጡ፤ አቅም ያላቸው ምእመናንም በጾም ወራት ምስር፣ ሽሮና ዘይት ለትምህርት ቤቱ በስጦታ ቢያበረክቱ። ስጦታው ለክርስቲያን ልጆች ብቻ ተብሎ ሳይለይ ለሁሉ ይሁን። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የወደደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደ ሆነ አስተምሯልና (ኢሳ. 58፥7)።

የአብነት ተማሪዎች ታሪክም ይህንኑ ያስታውሰናል። አኩፋዳቸውን አንግተው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ የሚለምኑት ተማሪዎች ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ተቀኝተው ለሊቅነት የበቁት የመንደሩ እናት በጾም ቀን የጾሙን፣ በፍስክ ቀን የፍስኩን ስለምትሰጣቸው ነው። ማንም ሕግ አላወጣላትም፤ የተማሪውን ሥርዓት ታውቅ ነበርና አስባ ትሰጠው ነበር። ዛሬ ያ የመንደር ደጅ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሆኗል። የሚጎድለው ያቺ እናት የነበራት ማሰብ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ያነሣናት የዐሥር ዓመት ልጅ ረቡዕ ጠዋት ተራዋ ሲደርስ ዳቦዋን ከምስር ጋር ብታገኝ፣ ከኋላዋ የቆመችው ሙስሊም ጓደኛዋም ያንኑ ብታገኝ፣ ሁለቱም ጠግበው ወደ ክፍል ቢገቡ ትልቅ ነገር ተደርጓል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጥቂት ዕቅድ፣ አንድ ተጨማሪ ጭልፋና አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ የሚመግቧቸውን እናቶች ድካም ይቀበልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።